በደቂቃ አሥራ ሁለት ሺህ ዙር

1.

«ማሽኑን የሠራላት ቻይና ነው።»

2.

ይህን ያሉት ጋሽ አሊጋዝ ናቸው። በያጅ ናቸው፤ ኮምቦልቻ፣ የአነስተኛ ማኅበራት ሼዶች ውስጥ ከእኔ ጋር አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ እንጋራለን። ለሻይ ሻጯ ነገሯት። ለጎማ ለጣፊው ነገሩት። አንድ ቀን ጥቁሩን የብየዳ መነጽር ሳያወልቁ ዞር አሉና ለራሴም ነገሩኝ።

«ሰማሽ? ለዚያች ለይማም ልጅ ማሽኑን የሠራላት ቻይና ነው አሉ።»

«የይማም ልጅ እኔ ነኝ፣ ጋሽ አሊጋዝ።»

መነጽሩን አወለቁ። አዩኝ።

«እንግዲያው አንችም ሰምተሻላ!»

3.

ስለ ጸሐፊዋ።

ረውዳ ይማም፣ ሃያ አራት ዓመት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደቀች የሚሉ አሉ፤ ፈተናው ነው እሷ ላይ የወደቀው። ዲፕሎማ፦ የለም። አስተማሪ፦ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ። የውጭ ቋንቋ፦ ሕንዶች ቪዲዮ ላይ የሚናገሩት እንግሊዝኛ። መልስ አጥታ አታውቅም።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አስምሪባት።

(አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ «አንቺ» ነው የምልሽ። ወንድ ከሆንክ ቻለው። እኔ ያነበብኩት መመሪያ ሁሉ «አንተ» ሲለኝ ችዬዋለሁ።)

4.

ማሽኗ ሲኤንሲ ትባላለች። ኮምፒውተር የሚነዳት ትንሽ ፍሬዛ በያት፤ ሥዕሉን ትሰጫታለሽ፣ እንጨቱ ላይ ትቀርጸዋለች። ሐዲዶቿ ከሁለት የሞቱ ፎቶ ኮፒ ማሽኖች ሆድ ወጡ። መቅረጫ ጥርሷን፣ ፑንታዋን፣ የሚያዞረው ሞተር፣ ስፒንድል የሚባለው፣ እጀታው ከቀለጠ የኤሌክትሪክ መላጊያ ተፈታ። አእምሮዋ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ አረንጓዴ ሰሌዳ ነው። ስምንት ወር ፈጀችብኝ። ሁሉንም የሠራሁት ራሴ ነኝ።*

* ብረቷን የበየዱት ጋሽ አሊጋዝ ናቸው። የመብራት ገመዱንም ጣሪያው ላይ የሰቀሉልኝ እሳቸው ናቸው። ብየዳ ግን መሥራት አይባልም፣ ማጣበቅ ነው። ገመድ መስቀልም ያው መስቀል ነው።

5.

በሬ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ፦

«ለሼድ ቁጥር 14 ተጠቃሚ ረውዳ ይማም። ማሽንዎ በሥራ ላይ ስለመሆኑ በምዘና ኮሚቴ ፊት በተግባር የሚታይ በመሆኑ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት በቦታው እንዲገኙ። ከመቶ ስድሳ ያላመጣ ተጠቃሚ ሼዱን በአምስት ቀን ውስጥ ያስረክባል። የማይገኝ ተጠቃሚ እንዳልተገኘ ይቆጠራል።»

እንዳልተገኘ ይቆጠራል። አመሰግናለሁ፤ ተጨንቄ ነበር።

ሼዱን ካጣሁ ማሽኗ የምትሄደው ወደ እናቴ ሳሎን ነው። የእናቴ ሳሎን ኮረብታው ላይ ነው፤ ጣውላ የጫነ ጋሪ የማይወጣበት፣ ደንበኛ ከታች ቀና ብሎ አይቶ «ሌላ ቀን» የሚልበት። ሳሎን የገባ ማሽን ማሽን አይባልም። የቤት ዕቃ ይሆናል፣ ዳንቴል ይለብሳል።

ስለዚህ፦ ስድሳ።

6.

አሁን ትንሽ ትምህርት። አጭር ነው፣ አትሽሺ።

ስፒንድሉ ባዶ አየር ላይ ጀግና ነው። በደቂቃ አሥራ ሁለት ሺህ ዙር ስትዪው አሥራ ሁለት ሺህ ይዞራል። ዋንዛ ሲነክስ ግን ይደክማል፤ ወደ ስምንት ሺህ ይወርዳል፣ ፑንታው ይጎተታል፣ ቅርጹ ይበላሻል። አየር ላይ ጀግና የሆነ ብዙ ሰው አውቃለሁ።

መድኃኒቱ እንዲህ ነው። የሚዞረውን ዘንግ ጥቁር ቀባሁት። አንድ ነጭ ነጥብ በጥፍር ቀለም አደረግሁበት። ፊት ለፊቱ የማይታይ ብርሃን እየረጨች የተመለሰላትን የምትቀበል፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጥቁር ዓይን ተከልኩ። ነጩ ነጥብ ባለፈ ቁጥር ብርሃኑ ይመለሳል፣ ዓይኗ ትቆጥራለች። ቆጠራው ካነሰ አእምሮዋ ለሞተሩ ኃይል ይጨምራል። ከበዛ ይቀንሳል። ይለካል፣ ያርማል፣ እንደገና ይለካል፣ እንደገና ያርማል።

የእኛ ኮሚቴዎች የሚያውቁት ማረሙን ብቻ ነው።

7.

ኃይል ምን ያህል ይጨመር? በምን ፍጥነት? ይህን የሚወስኑ ሦስት ቁጥሮች አሉ። በእንግሊዝኛ ረጃጅም ስም አላቸው። እኔ ክርስትና ባላነሣቸውም ስም አወጣሁላቸው።

ቁጣ። አሁን ላለው ጉድለት ነው። እንደጎደለ ወዲያው መጮህ።

ቂም። ላለፈው ነው። ጥቃቅኗን ጉድለት ሁሉ እያጠራቀሙ መያዝ።

ስጋት። ለሚመጣው ነው። ገና ሳይወድቅ መደገፍ።

ሦስቱም ያስፈልጋሉ፣ በልኩ። ቁጣ ሲበዛ ማሽኗ ትንቀጠቀጣለች። ስጋት ሲበዛ ዝንብ ባለፈ ቁጥር ትደነግጣለች። ቂም ሲበዛ ደግሞ ምክንያቱ ካለፈ በኋላም መሮጧን አታቆምም።

ዘመዶችሽን አሰብሽ፣ አይደል?

8.

ወሬው (ሁለተኛ እትም፣ ታርሞና ተሻሽሎ)

«ማሽኑን የሠራላት ቻይና ነው። ያ ረጅሙ፣ ሞተር ብስክሌት ያለው።»

9.

ከሥራ ደብተሬ።

ሰኞ። ቁጣ 4፣ ቂም 1፣ ስጋት 0። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ዋንዛ ላይ ግሩም ናት። አራት ሰዓት እንዳለፈ ስክሪኑ፦ አሥራ ሁለት ሺህ። ሰባት ሺህ። አሥራ አንድ። አራት። ሞተሩ ይጮኻል፣ እንጨቱ ይጨሳል።

ዋለለች።

ማክሰኞ። ቁጣን ወደ 3 አወረድኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ግሩም። አራት ሰዓት ላይ

ዋለለች።

ረቡዕ። ቂምን በግማሽ ቀነስኩ። (በማሽኗ ላይ ማለቴ ነው።) አራት ሰዓት ላይ

ዋለለች።

ሐሙስ። ቂም 0.2፣ ስጋት 1። ቀኑን ሙሉ ዝናብ። አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፦ አሥራ ሁለት ሺህ። ቀጥ! አገኘኋቸው! በሩን ዘግቼ ብቻዬን ጨፈርኩ፤ ትከሻዬ እስኪያመኝ።

ዓርብ። ዝናቡ አባርቷል። ያው ቁጥሮች፣ ያው ዋንዛ፣ ያችው እኔ። አራት ሰዓት ላይ

ቃሉን መጻፍ ደከመኝ። አንቺ ጻፊው።

10.

በግድግዳው በኩል የተደረገ ንግግር፣ ቃል በቃል፦

ጋሽ አሊጋዝ፦ አንች ረውዳ! ያች ማሽን ምን ሆነች? ታለቅሳለች እኮ!

እኔ፦ ፍጥነቷ እየወረደ ነው።

ጋሽ አሊጋዝ፦ ኧረ አልወረደም! እየበረረች ነው። ሠላሳ ዓመት ግራይንደር ብረት ሲፍቅ የሰማ ጆሮ ነው ያለኝ።

እኔ፦ ስክሪኑ አራት ሺህ ይላል።

ጋሽ አሊጋዝ፦ ይዋሻላ።

እኔ፦ ስክሪን አይዋሽም፣ ጋሽ አሊጋዝ። የሚዋሸው ወሬ ነው።

(አንድ የግራይንደር ጩኸት፣ አጭር።)

ጋሽ አሊጋዝ፦ ልምጣና ልያት? በዚያውም ጣሪያሽ ላይ አንዲት ነገር...

እኔ፦ አይድከሙ። ቻይናው ይመጣልኛል።

11.

ይህን ስጽፍ ጥሩ መልስ እንደሆነ አስብ ነበር። አሁንም ጥሩ መልስ ነው።

ግን ቃል ገብቼልሻለሁና ልንገርሽ። (ቃል አልገባሁም። አሁን ገባሁ።) የእኔም ጆሮ እሳቸው የሰሙትን ሰምቷል። ሞተሩ ሲፈጥን የሚያወጣውን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ቀጭን ነው፣ ጥርስ ያሳክካል። ጆሮዬ «ፈጠነች» አለ፣ ስክሪኑ «ዘገየች» አለ። ጆሮዬ የምስክር ወረቀት የለውም። ስክሪኑን አመንኩ።

የምስክር ወረቀት የሌላት ሴት፣ የምስክር ወረቀት የሌለውን ጆሮዋን ናቀች። ኮሚቴ ሆንኩበት።

12.

ስፒንድልን በሦስት ሳምንት ለማስተካከል መመሪያ።

ቪዲዮ ላይ ሕንዳዊውን ተመልከቺ። ከዚያ ጀርመኑን። ጀርመኑ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ በትንሿ መስኮት በረዶ ይታያል፣ እሱ ሹራብ ለብሷል። «በጣም ቀላል ነው» ይልሻል። እመኚው።

ቁጣን እስክትንቀጠቀጥ ጨምሪ፣ ከዚያ በግማሽ መልሺ። ቂምን በጨው መጠን ነስንሺ። ስጋትን አትንኪ። ንኪ። አትንኪ።

አራት ሰዓት ላይ ለምን እንደምትታመም አስቢ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሠርታ ስለምትግል ነው ብለሽ ደምድሚ። ማራገቢያ ግጠሚላት። አልሆነም? ሁለት ማራገቢያ።

ጎረቤት አትጠይቂ። ከጠየቅሽ ነገ «ቻይናው ትቷት ሄደ» ይባላል።

ሦስት ፑንታ ስበሪ። አራተኛውን ለሐሙስ አስቀምጪ።

13.

ቅጽ 07/ለ፣ ተራ ቁጥር 6።

ማሽኑ የተገኘበት መንገድ (አንዱን ብቻ ይምረጡ)፦

☐ ሀ. ከውጭ ተገዝቶ የመጣ ........ 30 ነጥብ

☐ ለ. ከውጭ ባለሙያ በቴክኖሎጂ ሽግግር የተገኘ ........ 25 ነጥብ

☐ ሐ. ሌላ (ይገለጽ) ________ 3 ነጥብ

«ይገለጽ» ከሚለው ፊት ያለው ባዶ ቦታ ሦስት ሳንቲሜትር ነው። ለካሁት። ለነጥቡ አንድ አንድ ሳንቲሜትር መሆኑ ነው።

14.

ሐሙስ።

ለታሪክ ይመዝገብ፦ ኮሚቴው በሰዓቱ መጣ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ የሚያረፍድ ኮሚቴ ብመኝ፣ እሱም አራት ሰዓት ሲል በሩ ላይ ቆመ። ሰብሳቢው አቶ ሞላልኝ በሙሉ ልብስ፤ የኮሚቴው ጸሐፊ ካልኩሌተር ይዛ፤ ሦስተኛው አባል ብርጭቆ ሻይ ይዞ። ከኋላቸው በሩን ተደግፈው ጋሽ አሊጋዝ፣ ሳይጠሩ።

ማሽኗን ጠዋት አላስነሣኋትም። ቀዝቅዛ እንድትጠብቃቸው ብዬ ነው፤ ሁለቱም ማራገቢያ ፊቷ ላይ ነበር፣ እንደ ሙሽራ።

ብልህ ነኝ ብዬሻለሁ። ለፈተና የመረጥኩት ሥራ የአቶ ሞላልኝን የጠረጴዛ ስም ሰሌዳ ነው። ዋንዛ። «አቶ ሞላልኝ ይርጋ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ»። የራሱን ስም የሚቀርጽ ማሽን የሚጥል ሰው የለም።

«አቶ» ወጣ። ጥርት ብሎ። አቶ ሞላልኝ ጎንበስ አሉ። «ሞላልኝ» ወጣ። ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሡ። «ይርጋ»። ሦስተኛው አባል ሻዩን አስቀመጠ፤ ይህ ትልቅ ክብር ነው። ስክሪኑ፦ አሥራ ሁለት ሺህ፣ አሥራ ሁለት ሺህ፣ አሥራ ሁለት ሺህ። ስድሳውን አልፌ ሰማንያ ላይ ነበርኩ በሐሳቤ።

«የኮሚቴው» ላይ ስክሪኑ ዘጠኝ ሺህ አለ። አምስት። ሁለት። ሞተሩ ጥርስ የሚያሳክከውን ጩኸት ጮኸ። ጭስ። «ሰ»፣ ጥቁር። «ብ»፣ የባሰ ጥቁር። «ሳ»

ጧ።

አራተኛው ፑንታ።

15.

ቃል በቃል፦

አቶ ሞላልኝ፦ «ሰብሳ»?

እኔ፦ «ቢ» ቀርታለች።

አቶ ሞላልኝ፦ አቃጠልሽኝ እኮ፣ ልጄ።

ጸሐፊዋ፦ ለተግባር፣ ከሠላሳ ዐሥር። እስካሁን በድምሩ ሠላሳ ስምንት። ተራ ቁጥር ስድስት አልተሞላም።

አቶ ሞላልኝ፦ ስሚኝ። እኛ ሼድ ልንነጥቅ አልመጣንም። ሰው የሚያወራውን እኛም ሰምተናል። «ለ» ላይ ምልክት አድርጊ። ሃያ አምስት ነው፣ ታልፊያለሽ። ቻይናው ማነው ብለን አንጠይቅሽም።

ጋሽ አሊጋዝ፦ በይ እንጅ ረውዳ! ምን ትጠብቂያለሽ? ቻይና ነው በያቸው!

እኔ፦ ይህን ሁሉ ያመጡብኝ እርስዎ ነዎት!

ጋሽ አሊጋዝ፦ ያመጣሁልሽ እንጅ! ወላሂ ለክፋት አይደለም። መጀመሪያማ «የይማም ልጅ ሠራችው» ነበር የምል፤ ማን ዞር ብሎ አየ? «ቻይና ሠራው» ብል ጊዜ የመስጊዱ ሰዎች የቁርኣን ማስቀመጫ ሊያስቀርጹ መጡ። የሆቴሉ ሰውየ በሩን ሊያስቀርጽ መጣ። በምን የመጡ መስሎሻል?



በዝናዬ መስሎኝ ነበር።

16.

ማሽኗ ላይ አንድ የታወቀ በሽታ አለ። አንድ ነገር ሞተሩን ይዞ ሲያስቀረው፣ ቂም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይጠራቀማል፣ ይጠራቀማል። ሞተሩ ሲለቀቅ የተጠራቀመው በሙሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል። መድኃኒቱ ለቂም ጣሪያ ማበጀት ነው። «ከዚህ በላይ አትያዢ» የሚል አንድ መስመር ትጽፊያለሽ።

ለማሽኗ ጽፌላታለሁ።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ።

☐ ሀ.

☐ ለ.

☑ ሐ. ሌላ (ይገለጽ) ራሴ

ጸሐፊዋ ካልኩሌተሯን ነካች። «አርባ አንድ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ጋሽ አሊጋዝ የጻፍኩትን በትከሻዬ ላይ አነበቡ። ከዚያ ጎንበስ አሉና የማሽኗን እግር አዩ፤ የብየዳውን መስመር፣ እንደ ገብስ ዛላ የተደረደረውን። በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ዳሰሱት።

17.

(ተሰርዟል። ማሽኗን ወደ ኮረብታው ስናወጣ የተነጋገርነው ነበር። ጋሪው ከግማሽ መንገድ በላይ አልወጣም፤ የቀረውን በትከሻ ነው። ሁለት ነበርን። ሁለተኛው ሰው ሠላሳ ዓመት ግራይንደር ሰምተዋል፣ ወገባቸውንም ያማቸዋል።)

18.

የእናቴ ሳሎን። አንድ መስኮት፣ እሱም መጋረጃ ያለው።

የመጀመሪያዎቹን የሰኞ ቁጥሮች መለስኩ፤ ቁጣ 4፣ ቂም 1፣ ስጋት 0። ዋንዛ አስነከስኳት። ሦስት ሰዓት፦ አሥራ ሁለት ሺህ። አራት ሰዓት፦ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። አሥራ ሁለት ሺህ። አራት ተኩል። አሥራ ሁለት ሺህ። ማራገቢያዎቹን አጠፋሁ። አሥራ ሁለት ሺህ፣ እንደ ተተከለ።

«ዱዓዬ ነው» አለች እናቴ።

«ቁጥሬ ነው፣ እማ።»

«ቁጥርሽማ እታች ሆነሽም ነበረሽ።»

ለዚህም መልስ ነበረኝ፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው አልኳት። አንዲት «ቢ» በትንሽ ዋንዛ ላይ ቀረጽኩና ለአቶ ሞላልኝ ላክሁላቸው። አልመለሱም። ከዚያ ወዲያ የምቀርጸው አጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት ከብት ከጠፋበት ሰው በቀር ማንም ኮረብታውን አልወጣም። እናቴ ዳንቴሉን አጥባ አስጥታዋለች፤ ማሽኗን በዓይኗ ስትለካ አይቻታለሁ።

19.

ወሬው (ሦስተኛና የመጨረሻ እትም)

«ቻይናው አገሩ ገባ። ሼዱን ያጣችው ለዚያ ነው።»

20.

በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ አሊጋዝ የረሳሁትን በርጩማ ተሸክመው መጡ። ሼድ ቁጥር 14ን ከእሳቸው ሼድ ጋር ቀላቅለውላቸዋል፤ ግድግዳው ተነሥቷል። በርጩማውን አስቀመጡ፣ ራሳቸው ተቀመጡበት፣ ውኃ ጠጡ፣ ወገባቸውን ያዙ። ከዚያ ያማርሩ ጀመር።

«ሼድሽ መጥፎ ሼድ ነው። ሰጡኝ እንጅ አልወደድኩትም። ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ከጣሪያው በምስማር ቀዳዳ አንዲት የፀሐይ ጨረር ትገባና ዓይኔን ታጠፋኝ ነበር። ልክ ማሽንሽ በቆመችበት፣ ልክ ያች ጥቁር ዓይኗ በነበረችበት ላይ ነበር የምታርፍ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምንም አላይም ነበር! ሰላም የማገኝ ዝናብ ሲሆን ብቻ ነበር።»

ወደ ማሽኗ ጥቁር ዓይን ዞርኩ።

በፀሐይ የታወረ ዓይን አይቆጥርም። ካልተቆጠረ፣ አእምሮዋ ሞተሩ የዘገየ ይመስለዋል፤ ኃይል ይጨምራል። ይጨምራል። ይጨምራል።

«ጥፋቱማ የእኔው ነው» አሉ ጋሽ አሊጋዝ። «የመብራት ገመድሽን ስሰቅል አንድ ምስማር አመለጠኝና ቆርቆሮውን በሳሁት። ልድፈንልሽ ብዬ ያን ዕለት በግድግዳው ጠርቼሽ ነበር፤ ቻይናው ይመጣል አልሽኝ። ትናንት ወጥቼ ደፈንኩት። አንዲት ጠብታ ሬንጅ ናት፤ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀችም።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። ማሽኗን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

«ለመሆኑ ረውዳ፣ ያ የአራት ሰዓት በሽታዋ ምን ሆኖ ተገኘ?»

21.

እኔ፦